ዌብሳይት ቤት ሲቀይር

በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ አርፓኔት በሚባለው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ኔትወርክ ላይ ኮምፒውተር የነበረው አንድ ዩኒቨርሲቲ የማሽኑ አድራሻ ቢቀየርበት፣ ለውጡን የሚያሳውቀው ለአንድ ቢሮ ብቻ ነበር። ቢሮው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሜንሎ ፓርክ ከተማ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ነበር፤ የኔትወርኩ የመረጃ ማዕከል ይባላል። ለረጅም ጊዜ፣ እስከ 1989 ድረስ፣ የመራችው ኤልዛቤት ፋይንለር ናት፤ ባልደረቦቿ ጄክ ይሏታል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋይንለርና ባልደረቦቿ የሚጠብቁት አንድ የጽሑፍ ፋይል ነበር፤ ሆስትስ ዶት ቲኤክስቲ ይባላል። በየመስመሩ የአንድ ኮምፒውተር ቁጥራዊ አድራሻ፣ ስሙ፣ የማሽኑ ዓይነትና የሚሠራበት ሲስተም ሰፍሯል። አዲስ ኮምፒውተር ያስገባ ወይም የነበረውን ያዛወረ ተቋም በካሊፎርኒያ የሥራ ሰዓት ስልክ ይደውላል ወይም ኢሜይል ይልካል። ቢሮው መስመሩን ያስተካክላል። ከዚያ በኋላ በኔትወርኩ ላይ ያለ ተቋም ሁሉ አዲሱን ፋይል እያወረደ በራሱ ማሽን ላይ ያለውን አሮጌ ቅጂ ይተካዋል።

ይህም ቢሆን ዝም ብሎ የተገኘ አሠራር አልነበረም። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ዝርዝር ይይዝ ስለነበር አንዱ ማሽን በተለያየ ቦታ በተለያየ ስም ይጠራ ነበር። በ1971 ፔጊ ካርፕ የምትባል ባለሙያ ሁሉም የሚጠቀምበት አንድ ዓይነት የስም ዝርዝር ይኑር ብላ ሐሳብ አቀረበች። በ1973 መጨረሻ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ፒተር ዶይች ደግሞ ሁሉም ሰው ያንኑ ዝርዝር ለየብቻው በእጁ እየጻፈ መኖሩ ትርጉም የለውም፣ አንድ ፋይል ተዘጋጅቶ ሁሉም ከዚያ ይውሰድ ሲል ጻፈ። በ1974 ሥራው ለሜንሎ ፓርኩ ቢሮ ተሰጠ።

ለጥቂት ኮምፒውተሮች ይህ በቂ ነበር። ኦገስት 1981 ላይ በዝርዝሩ የነበሩት 213 ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ 562 ደረሱ፤ ኦክቶበር 1984 ላይ 1,024 ሆኑ። ፋይሉ እያደገ ሲሄድ የሚያወርደው ሰውም በዚያው ልክ በዛ፤ የቢሮው ማሽን ፋይሉን በማደል ብቻ ይጨናነቅ ጀመር። ሁለት ተቋማት ለኮምፒውተራቸው አንድ ዓይነት ስም ይመርጡና ይጋጫሉ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ፋይሉ ሩቅ ያለ ተቋም ጋ እስኪደርስ ድረስ፣ በፋይሉ ላይ የሰፈረው ማሽን አድራሻውን ቀይሮ ሊሆን ይችላል። አንዱ አዲሱን አድራሻ ይዟል፤ ሌላው ያለፈውን ሳምንት ፋይል ይዞ ማንም የማይመልስለትን ቁጥር ይደውላል። ዛሬ ዌብሳይቱን ወደ አዲስ ሆስቲንግ ያዛወረ ሰው «እኔ ጋ ይከፍታል፣ ደንበኛዬ ጋ አይከፍትም» ሲል የሚሰማው ጭንቀት ያኔም ነበረ።

በዚያን ጊዜ የኢንተርኔትን ቁጥሮችና ደንቦች መዝገብ የሚይዘው ጆን ፖስቴል ነበር። ፂሙን ያስረዘመ፣ ብዙ የማይናገር፣ ሁሉም የሚያከብረው ሰው ነው። የሚሠራው ሎስ አንጀለስ አጠገብ ማሪና ዴል ሬይ በሚገኘው የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ውስጥ ነው። የስሙን ችግር ለመፍታት አምስት የተለያዩ ሐሳቦች ቀርበውለት ነበር። ፖስቴል አምስቱንም ለባልደረባው ለፖል ሞካፔትሪስ ሰጠውና አስታርቃቸው አለው። ሞካፔትሪስ አምስቱንም ወደ ጎን ትቶ የራሱን ሠራ። ኖቬምበር 1983 ላይ ሐሳቡ 882 እና 883 የሚል ቁጥር በተሰጣቸው ሁለት ሰነዶች ወጣ። ዛሬ ዲኤንኤስ የምንለው ይህ ነው።

የሞካፔትሪስ ሥራ የሚያስደንቀኝ በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሥልጣኑን ማከፋፈሉ ነው። ሁሉን የሚያውቅ አንድ ቢሮ ቀረ። ከላይ ያለው ሩት ሰርቨር የሚያውቀው ዶት ኮምን ማን እንደያዘው ብቻ ነው። ዶት ኮምን የያዘው ደግሞ የሚያውቀው በሥሩ የተመዘገበው እያንዳንዱ ስም የትኞቹ ኔም ሰርቨሮች እንደሚመልሱለት ብቻ ነው። የመጨረሻውን መልስ፣ ማለትም ዌብሳይቱ የትኛው ቁጥር ላይ እንዳለ፣ ኢሜይሉ የት እንደሚደርስ፣ የሚናገሩት የባለቤቱ ኔም ሰርቨሮች ናቸው። ስለዚህ ኮምፒውተሩን የሚያዛውር ሰው ሜንሎ ፓርክ መደወል አያስፈልገውም፤ በራሱ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ይቀይራል።

ሁለተኛው ከዚህም የረቀቀ ነው። ጠያቂው ሁሉ በየደቂቃው እስከ ሩት ሰርቨር ድረስ እየወጣ ቢጠይቅ ኔትወርኩ አይችለውም። ስለዚህ መልሱን የተቀበለ ኮምፒውተር ለተወሰነ ጊዜ ያስቀምጠዋል። ለስንት ጊዜ? ያንን የሚወስነው የስሙ ባለቤት ነው። ከእያንዳንዱ መልስ ጋር በሰከንድ የሚቆጠር የመቆያ ጊዜ አብሮ ይላካል፤ ባለሙያዎች ቲቲኤል ይሉታል። 3600 ከተባለ መልሱ ለአንድ ሰዓት ይቀመጣል፤ 86400 ከተባለ ለአንድ ቀን። ጊዜው ሲያልቅ ይጣላል፤ የሚቀጥለው ጠያቂ ሲመጣ እንደ አዲስ ይጠየቃል።

ብዙ ሰው ዶሜይኑን፣ ማለትም የዌብሳይቱን ስም፣ ወደ አዲስ ሆስቲንግ ሲያዞር ለውጡ እንደ ዜና በዓለም የሚሰራጭ ይመስለዋል። ማንም ለማንም የሚነግረው ነገር የለም። በየአገሩ፣ በየኢንተርኔት አቅራቢው ሰርቨር ላይ የተቀመጠው አሮጌ መልስ ጊዜው እስኪያልቅ ይጠበቃል፤ ሌላ ሥራ የለም። ዌብሳይት በማዛወር ጊዜ የሚፈጠረው ችግር በአብዛኛው ይህን ካለመረዳት የሚመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ በወረቀት ላይ አልቀረም። ሞካፔትሪስ ጂቭስ የሚባለውን የመጀመሪያውን የዲኤንኤስ ሰርቨር ጻፈ። በ1984 በርክሌይ የሚማሩ አራት ተማሪዎች፣ ዳግላስ ቴሪ፣ ማርክ ፔንተር፣ ዴቪድ ሪግልና ሶንግኒያን ዡ፣ ለዩኒክስ ማሽኖች የሚሆን ባይንድ የተባለ የዲኤንኤስ ሰርቨር ሠሩ፤ ተወልዶ የወጣው ከዩኒቨርሲቲ ቢሆንም ለብዙ አሥርት ዓመታት የኢንተርኔት ስሞችን አብዛኛውን ሸክም የተሸከመው እሱ ነው። ማርች 15 ቀን 1985 ሲምቦሊክስ የሚባል የማሳቹሴትስ ኮምፒውተር ሠሪ በዶት ኮም ሥር የመጀመሪያውን ስም አስመዘገበ። ኩባንያው በኋላ ወደቀ፤ ስሙ በ2009 ለሌላ ባለቤት ተሸጠ። ማሽኖቹ ከገበያ ከጠፉ በኋላ ሲምቦሊክስ ዶት ኮም በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ ሰርቨር ላይ መኖሩን ቀጠለ።

ኖቬምበር 1987 ላይ ሞካፔትሪስ የዲኤንኤስን ደንብ አሻሽሎ 1034 እና 1035 በሚሉ ሰነዶች አወጣ። ዛሬም የምንሠራው በእነሱ ነው። በ1034 ውስጥ ስለ መቆያ ጊዜ የተጻፈች አንዲት አጭር አንቀጽ አለች፤ ዌብሳይት የሚያዛውር ሰው ሁሉ ቢያነባት ደስ ይለኛል። አንቀጿ መጀመሪያ የምትለው ለተለመደ ኮምፒውተር የመቆያ ጊዜው በቀናት የሚቆጠር ቢሆን ይሻላል ነው። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኘው ዋና መስመር በሰከንድ 56 ኪሎቢት ብቻ ያስተላልፍ ስለነበር፣ ጥያቄን መቀነስ ግድ ነበር። ቀጥላ ግን ለውጥ እንደሚመጣ አስቀድሞ ከታወቀ፣ ከለውጡ በፊት ጊዜውን አሳጥሩት፣ ለውጡ ካለፈ በኋላ ወደ ነበረበት መልሱት ትላለች። ዌብ ገና አልተፈጠረም፤ ሆስቲንግ የሚሸጥ ድርጅት የለም። ዛሬ ሰው ባለማወቁ የሚቸገርበት ዋናው መፍትሔ ግን ያኔ ተጽፎ አልቋል።

ዌቡ የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ቲም በርነርስ ሊ በስዊዘርላንዱ የሰርን ማዕከል የመጀመሪያውን ዌብሳይት አቆመ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ደግሞ የሌላ ሰው ዌብሳይት በገዛ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ ኪራይ መቀበል ንግድ ሆነ። ይህ ንግድ መጀመሪያ ላይ ውድ ነበር። ብራውዘሩ ለሰርቨሩ የሚልከው የገጹን መንገድ ብቻ እንጂ የዶሜይኑን ስም አልነበረም፤ ስለዚህ አንድ ሰርቨር ሁለት ዌብሳይት ቢይዝ ለሁለቱም የተለያየ ቁጥራዊ አድራሻ፣ አይፒ አድራሻ የሚባለው፣ ያስፈልገዋል። ጃንዋሪ 1997 የወጣው ኤችቲቲፒ 1.1 ብራውዘሩ የሚፈልገውን ስም አብሮ እንዲልክ አስገደደ። ከዚያ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ዌብሳይቶች በአንድ አይፒ አድራሻ ላይ ተቃቅፈው መኖር ቻሉ፤ ኪራዩ ወረደ፤ ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ ዌብሳይት መክፈት ቻለ። ኪራይ ሲረክስ ተከራይ መመላለስ ይጀምራል። ቅር ያለው ወደ ሌላው ይሄዳል።

ስሙን የሚመዘግበው ግን አሁንም አንድ ነበር። ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተባለው የቨርጂኒያ ኩባንያ ከ1993 ጀምሮ ኢንተርኒክ በሚለው ስም የዶት ኮምን መዝገብ ይዟል። እስከ 1995 ድረስ ምዝገባው ነጻ ነበር፤ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1995 ላይ ለሁለት ዓመት 100 ዶላር መጠየቅ ጀመረ። ኔም ሰርቨሩን መቀየር የሚፈልግ ባለቤት ቅጽ ሞልቶ በኢሜይል ይልክና ተራውን ይጠብቃል። ቅጹ ካለፈም በኋላ የዶት ኮም መዝገብ እንደገና ተሰናድቶ ወደ ሰርቨሮቹ የሚገባው በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በዚያ ላይ መዝገቡ ራሱ ለኔም ሰርቨሮች የሚሰጠው የመቆያ ጊዜ 172800 ሰከንድ፣ ማለትም ሁለት ቀን ነው። የሆስቲንግ ድርጅቶች ዛሬም «ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይጠብቁ» የሚሉት ከዚያ ዘመን ወርሰው ነው።

አገራችን ወደዚህ ታሪክ የገባችው በእነዚሁ ዓመታት ነው። ዶት ኢቲ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኦክቶበር 15 ቀን 1995 ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ኢሜይል የምታገኘው በአብዛኛው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ በነበረው የፓዲስ አገልግሎት፣ በስልክ መስመር እየተደወለ በሚተላለፍ ዘዴ ነበር። የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በ1997 መጀመሪያ ነው። መስመሩ ቀጭን ስለነበር ስለ ኢትዮጵያ የሚጻፉ የመጀመሪያዎቹ ዌብሳይቶች ብዙዎቹ የተቀመጡት አሜሪካና አውሮፓ ባሉ ሰርቨሮች ላይ ነው፤ የሚሠሯቸውም በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ስሙ ዶት ኮም፣ ሰርቨሩ ባሕር ማዶ፣ አንባቢው አገር ቤት። ይህ አቀማመጥ ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ቆየ።

በ1997 ሐምሌ ወር፣ ጁላይ 17 ሌሊት፣ ኔትወርክ ሶሉሽንስ ውስጥ የተበላሸ የዶት ኮምና የዶት ኔት መዝገብ ወደ ሰርቨሮቹ ተላከ። ሲስተሙ አስጠንቅቆ ነበር፤ ተረኛው ሠራተኛ ማስጠንቀቂያውን አልፎ ለቀቀው። ለሰዓታት ያህል በዓለም ዙሪያ ሥፍር ቁጥር የሌላቸው ስሞች የሌሉ ሆኑ። ዌብሳይቶቹ ያሉባቸው ኮምፒውተሮች አንዳቸውም አልተበላሹም።

ከስድስት ወር በኋላ የተፈጸመው ግን በታሪክ ትልቁ «ወደ አዲስ ሰርቨር ማዞር» ነው። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ 13 ሩት ሰርቨሮች ነበሩ። ዋናውን ኔትወርክ ሶሉሽንስ ይዞታል፤ የቀሩት 12ቱ መዝገቡን ከእሱ ይገለብጣሉ። የአሜሪካ መንግሥት ይህ ሥልጣን ወደፊት ለማን ይሁን በሚለው ላይ ረቂቅ ፖሊሲውን ሊያወጣ ቀናት ቀርተውታል። ጃንዋሪ 28 ቀን 1998 ጆን ፖስቴል ለሩት ሰርቨር ጠባቂዎች ኢሜይል ጻፈ፤ መዝገቡን ከቨርጂኒያው ማሽን መውሰድ ትታችሁ ማሪና ዴል ሬይ ካለው የእኔ ማሽን ውሰዱ አላቸው። ስምንቱ አደረጉት። ከ12ቱ ስምንቱ ማለት ነው፤ የቀሩት በመንግሥትና በወታደራዊ ተቋማት እንዲሁም በራሱ በኔትወርክ ሶሉሽንስ እጅ የነበሩት ናቸው።

ተጠቃሚው ምንም አላወቀም። በፖስቴል ማሽን ላይ ያለው መዝገብ ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት ስለነበር ኢሜይል እንደ ወትሮው ደረሰ፣ ዌብሳይት እንደ ወትሮው ተከፈተ። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ቆም ብዬ የማየው ይህን ነው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው የዓለምን ስሞች ሁሉ ምንጭ ቀይሮ ማንም ሳይሰማው ማለፍ ችሏል፤ ምስጢሩ ደግሞ አዲሱ ቦታ አሮጌው የያዘውን ሁሉ አንድም ሳይጎድል ይዞ መጠበቁ ነው። ዋይት ሃውስ ግን ተቆጣ። በፕሬዚዳንት ክሊንተን ሥር የኢንተርኔት ፖሊሲን የሚመራው አይራ ማጋዚነር መልሰው አለው። ፖስቴል የሙከራ ሥራ ነበር ብሎ ሁሉን ወደ ነበረበት መለሰ። ሴፕቴምበር 1998 ላይ አይካን የተባለው ድርጅት የስሞቹንና የቁጥሮቹን አስተዳደር እንዲረከብ ተቋቋመ። ፖስቴል ኦክቶበር 16 ቀን በልብ ሕመም ሞተ፤ 55 ዓመቱ ነበር።

በዚያው ኦክቶበር ወር ሌላ ጉዳይ ተከሰተ። አንድ ሰው ከአሜሪካ ኦንላይን የተላከ የሚመስል ኢሜይል አዘጋጅቶ ለመዝገብ ቤቱ፣ ለኔትወርክ ሶሉሽንስ፣ ላከ፤ የኩባንያው ኔም ሰርቨሮች ይቀየሩ የሚል። በዚያን ጊዜ ባለቤቱ ሦስት ዓይነት መከላከያ መምረጥ ይችል ነበር፤ በላኪው የኢሜይል አድራሻ ማመን፣ በይለፍ ቃል፣ ወይም በተመሰጠረ ፊርማ። ኩባንያው የተመዘገበው በመጀመሪያው፣ በደካማው ነበር። ለውጡ አለፈ፤ በዓለም ትልቁ የኢንተርኔት አቅራቢ የሚላክለት ኢሜይል ለሰዓታት ወደ ሌላ ድርጅት ሰርቨር ሄደ። በ1999 የምዝገባው ሥራ ለውድድር ሲከፈት፣ ሬጅስትራር የሚባሉ ሻጮች ሲበዙ፣ ዋጋው ወረደ፤ የቁጥጥር ገጽ መጣ፤ ቅጽ በኢሜይል መላክ ቀረ። የባለቤቱ የይለፍ ቃል በማን እጅ እንዳለ የሚለው ጥያቄ ግን ይበልጥ ከበደ።

ጃንዋሪ 2001 ላይ ማይክሮሶፍት ለሁሉም ትምህርት የሚሆን ዋጋ ከፈለ። አንድ ቴክኒሻን የራውተር ቅንብር ቀየረ፤ አራቱም የኩባንያው ኔም ሰርቨሮች የነበሩት በዚያው ራውተር ጀርባ፣ በአንድ ኔትወርክ ላይ ስለነበር አራቱም በአንዴ ጠፉ። ዌብሳይቶቹ ለ22 ሰዓት ተኩል ያህል ለብዙ ሰው አልተከፈቱም፤ ሰርቨሮቹ ግን እየሠሩ ነበር። ኔም ሰርቨር በተለያየ ቦታ ይቀመጥ የሚለው ምክር ከ1980ዎቹ ጀምሮ በደንቡ ላይ ነበር። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ሲጠፉም ምክንያቱ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ በጥገና ላይ በተፈጠረ ስህተት ወደ ኔም ሰርቨሮቻቸው የሚወስደው መንገድ ከዓለም ኔትወርክ ላይ ተነሣ።

የ48 ሰዓቱ ነገር የላላው በ2004 ነው። የዶት ኮምን መዝገብ የወረሰው ቬሪሳይን በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ማሰናዳቱን ትቶ ለውጦችን በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሰርቨሮቹ ማስገባት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ከሰዓት በኋላ ያደረገው ለውጥ ቡናው ሳይቀዘቅዝ በመዝገቡ ላይ ይታያል። የሚዘገየው በየቦታው የተቀመጠው አሮጌ መልስ ብቻ ነው። በ2008 ዳን ካሚንስኪ የተባለ ተመራማሪ ያ የተቀመጠ መልስ ራሱ በሐሰተኛ መልስ ሊተካ እንደሚችል አሳየ፤ የዶሜይኑ ባለቤት አንድም ነገር ሳይነካ ጎብኚው ወደ ሌባ ሰርቨር ሊላክ ይችላል ማለት ነው። ካሚንስኪ ግኝቱን ለወራት ደብቆ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ጋር ጥገናውን ካዘጋጀ በኋላ ጁላይ 8 ቀን ሁሉም በአንድ ቀን አወጡት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 2010፣ እውነተኛውን መልስ ከሐሰተኛው ለመለየት የሩት ሰርቨሮቹ መዝገብ በዲጂታል ፊርማ ተፈረመ።

ዲሴምበር 2011 ላይ ዊኪፒዲያ ስሞቹን ጎዳዲ ከተባለው ሬጅስትራር አንሥቶ ሊሄድ እንደሆነ አስታወቀ፤ ሬጅስትራሩ በአሜሪካ ምክር ቤት የቀረበውን ሶፓ የተባለ የኢንተርኔት ቁጥጥር ረቂቅ ሕግ ደግፎ ስለነበር ነው። ዝውውሩ በ2012 መጀመሪያ ላይ ተጠናቀቀ። አንባቢ ምንም አልተሰማውም፤ ምክንያቱም የተለወጠው ስሙ የሚታደስበት ድርጅት ብቻ ነው። ኔም ሰርቨሮቹም ዌብሳይቱ ያለባቸው ማሽኖችም ባሉበት ቆዩ። ስሙን የሚያድስልህ፣ ስለ ስሙ የሚመልሰውና ዌብሳይቱን የያዘው ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንድ ድርጅት ሦስቱንም ጠቅልሎ ስለሚሸጥ ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል፤ ሆስቲንግ ሲቀይር የግድ ሬጅስትራሩንም መቀየር ያለበት ይመስለዋል። የለበትም።

ወደ ራሳችን ልመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለፉት ጥቂት ዓመታት አይሲቲ ፓርክ ላይ የግል ዳታ ሴንተሮች ተከፍተዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ሆስቲንግ ይሸጣል፤ ለዓመታት ባሕር ማዶ የኖሩ ዌብሳይቶች ወደ አገር ቤት መመለስ ጀምረዋል። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ለመመለስ ሲወስን መጀመሪያ የሚገጥመው ቴክኒካዊ ጉዳይ አይደለም። ዶሜይኑን ያስመዘገበው ማነው? ብዙ ጊዜ ከስምንት ዓመት በፊት ዌብሳይቱን የሠራው ልጅ ነው፤ በራሱ ኢሜይል። ወይም የባለቤቱ ዘመድ ዋሽንግተን ሆኖ በራሱ ካርድ ነው፤ በዶላር የሚከፍል ሌላ ሰው ስላልነበረ። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍበት ስሙ ሳይታደስ ይቀራል። የዶት ኮም ስም ካለፈበትና ከተሰረዘ በኋላ ባለቤቱ በተጨማሪ ክፍያ የሚያስመልስበት 30 ቀን አለው፤ ከዚያ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ለማንም ክፍት ይሆናል። የድርጅቱ ስም በደንብ ተጽፎ፣ ኢሜይሉ የድርጅቱ ሆኖ፣ የይለፍ ቃሉ በባለቤቱ እጅ ሳይገባ ሆስቲንግ ለመቀየር መነሣት አይገባም። ይህን የምለው ሰው የአሥር ዓመት ስሙን በዚህ ሲያጣ ማየት ስለሚያሳዝነኝ ነው።

ስሙ በእጅ ከገባ በኋላ ሥራው የሚጀምረው በማዛወሪያው ቀን አይደለም፤ ሁለትና ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ባለሙያው አሮጌው ኔም ሰርቨር ላይ ገብቶ በመዝገቡ ላይ ያለውን ሁሉ ይገለብጣል። ዌብሳይቱን የሚያሳየውን ኤ ሬኮርድ፣ ኢሜይሉን የሚያሳየውን ኤምኤክስ፣ ኢሜይሉ ወደ አላስፈላጊ ሳጥን እንዳይጣል የሚያረጋግጡትን የቲኤክስቲ መስመሮች። ኔም ሰርቨር ሲቀየር አሮጌው መዝገብ አብሮ አይሄድም። ዌብሳይቱ በትክክል እየተከፈተ ለአንድ ሳምንት ኢሜይል የማይገባለት ድርጅት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ቢሮው የሚያውቀው ጀርመን ያለው ደንበኛ «ጽፌላችሁ ዝም አላችሁ» ብሎ ሲደውል ነው። ኢሜይሉ በሌላ አገልግሎት ላይ ከሆነ የኤምኤክሱ መስመር ሳይለወጥ ወደ አዲሱ መዝገብ መገልበጥ አለበት።

ከዚያ የመቆያ ጊዜው ከ86400 ወደ 300 ይወርዳል። አሮጌው ቁጥር በየቦታው ለአንድ ቀን ስለተቀመጠ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ይጠበቃል። በዚህ መሃል ፋይሉና ዳታቤዙ ወደ አዲሱ ሰርቨር ይገለበጣል። ከዚያ ይሞከራል፤ ዶሜይኑ ገና ወደ አሮጌው እያሳየ ሳለ። እንዴት? በማንኛውም ኮምፒውተር ውስጥ፣ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ፣ ሆስትስ የሚባል ትንሽ ፋይል አለ። ባለሙያው በራሱ ላፕቶፕ ላይ ያንን ፋይል ከፍቶ የአዲሱን ሰርቨር አይፒ አድራሻና የዶሜይኑን ስም በአንድ መስመር ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ዲኤንኤስን ከመጠየቁ በፊት ያንን ፋይል ስለሚያይ፣ ዓለም ሁሉ አሮጌውን ሲያይ እሱ ብቻ አዲሱን ያያል። ይህ ፋይል ፋይንለር ሜንሎ ፓርክ ላይ ትጠብቀው የነበረው ዝርዝር ዘር ነው። ፎቶዎቹ መጡ ወይ፣ አማርኛው ፊደል ተነበበ ወይ ወይስ ወደ ጥያቄ ምልክት ተቀየረ፣ የቦታ መያዣ ቅጹ ይልካል ወይ የሚለው የሚታየው እዚህ ነው። ሙከራው ሲያበቃ መስመሩ መሰረዝ አለበት፤ ካልተሰረዘ ባለሙያው ወደፊት የሚያየው ሁሉም ሰው የሚያየውን አይሆንም።

የደኅንነት ሰርተፊኬቱም ቀድሞ ይታሰባል። ነጻ ሰርተፊኬት የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት ስሙ የአንተ መሆኑን በአብዛኛው የሚያረጋግጠው ዶሜይኑ ወደሚያሳየው ሰርቨር ሄዶ በማየት ነው። ዶሜይኑ ገና ካልዞረ በዚህ መንገድ አይሰጥም፤ በመዝገቡ ላይ አንድ የቲኤክስቲ መስመር በመጨመር ግን አስቀድሞ ማግኘት ይቻላል። ይህን የዘነጋ ዌብሳይት በአዲሱ ሰርቨር ላይ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» በሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ያሳልፋል።

ማዞሩ ራሱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ኔም ሰርቨሩ ባለበት ከቆየ ኤ ሬኮርዱ ላይ ያለው ቁጥር ይቀየራል፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አብዛኛው ጎብኚ አዲሱ ላይ ይደርሳል። ኔም ሰርቨሩም ከተቀየረ ግን ያቺ 300 አትረዳም፤ በዶት ኮም መዝገብ ላይ ያለው የሁለት ቀን መቆያ በባለቤቱ እጅ ያለ አይደለም። ስለዚህ አሮጌውም አዲሱም ኔም ሰርቨር ለእነዚያ ሁለት ቀናት አንድ ዓይነት መልስ፣ የአዲሱን ሰርቨር ቁጥር፣ እንዲሰጡ ይደረጋል። አሮጌው ሆስቲንግ በዚያው ቀን አይዘጋም፤ ኪራዩ አንድ ወር ቢተርፍ ይሻላል። ባለሙያው አሮጌው ሰርቨር ላይ ያለውን የጎብኚዎች መዝገብ በየቀኑ ይከፍታል። መጀመሪያ ቀን ብዙ ነው፤ በሦስተኛው ቀን የፍለጋ ሮቦቶችና አንድ ሁለት የቆዩ ኮምፒውተሮች ብቻ ይቀራሉ። ወደ አሮጌው የኢሜይል ሳጥን ዘግይቶ የገባ ካለ ተለቅሞ ወደ አዲሱ ይተላለፋል፤ የአሮጌው ዳታቤዝ የመጨረሻ ቅጂ ይወርዳል፤ ኪራዩ ይሰረዛል፤ የመቆያ ጊዜውም ከ300 ወደ 86400 ይመለሳል።